ሰም የማያቃጥለው እጅ

«እጁ የኔ ነው፤ አንቺን ምን አቃጠለሽ?»

እትዬ ደብሬ ይህን ያሉኝ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ነው። የቀለጠ ሰም ያለበት ድስት መሐላችን ነበር። እኔ ያልኳቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እትዬ፣ እጅዎ ተቃጥሏል»። በቀኝ እጃቸው በትንሿና በቀለበት ጣታቸው መሐል ውሃ የቋጠረ ቁስል ነበር፤ ፈንድቶ ክር ተጣብቆበታል። እሳቸው አላዩትም። አልተሰማቸውምም። ካሳየኋቸው በኋላ በቀሚሳቸው ጠርገው ሥራቸውን ቀጠሉ።

ይህን የምጽፈው የምታስታምሙት ሰው ላላችሁ፣ ወይም እናንተው ሰውነታችሁ ላይ የማይሰማችሁ ቦታ ላገኛችሁ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ አልመጣልኝም፤ ላሊበላ አንድ ትንሽ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነበርኩ፤ እንግዳው ሲጠፋ ሆቴሉ ተዘጋና ቤት ዋልኩ። ቤት መዋል አልችልበትም። እትዬ ደብሬ እኔ በተከራየሁበት ግቢ ከጎኔ ያለችውን ክፍል የያዙ፣ በእድሜ ከእናቴ የሚበልጡ ሴት ናቸው። ባል የላቸውም፤ አንድ ልጃቸው ደሴ አግብታ ትኖራለች። ጓደኛዬ ናቸው ስል ሰው ይስቃል። የሚሳቅ ነገር የለውም፤ በዚያ ግቢ ለምናገረው ሁሉ መልስ የነበራቸው እሳቸው ብቻ ናቸው።

ሥራቸው ጧፍ ነው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ሠርተው በላሊበላ ቤተ ክርስቲያን መግቢያ ሸጠው ነው የኖሩት። የተፈተለውን ክር በቀለጠ ሰም ውስጥ ያሳልፉታል፤ ከዚያ ትኩስነቱ ሳይወጣ በመዳፋቸው እያሹ ያቀጥኑታል። ሌሎቹ ጧፍ ሠሪዎች ሰሙ በረድ እስኪል ይጠብቃሉ። እትዬ ደብሬ አይጠብቁም ነበር። ከድስቱ ውስጥ በጣታቸው ያወጡታል።

ስሕተቱ የተሠራው እዚህ ላይ ነው፤ የተሳሳትነውም ሁላችንም ነን። ከሩቅ የሚመጡ ተሳላሚዎች ቆመው ያዩዋቸው ነበር። «የቤተ ክርስቲያን መብራት ስለምትሠራ እሳቱ ይራራላታል» ይላሉ። እጃቸውን የሚስሙም ነበሩ። እትዬ ደብሬ መጀመሪያ «ኧረ ተዉ፣ ልምድ ነው» ይሉ ነበር፤ ኋላ ኋላ ግን ሰው ሲሰበሰብ ሆን ብለው ጣታቸውን ገባ ማድረግ ጀመሩ። ጧፉም ይሸጥ ነበር። ማን ይጠላል?

እኔ ነገሩ አልዋጠልኝም። ያው ሰም እኔን ይፈጀኛል። ያው ድስት ነው። በዚያ ላይ ክንዳቸው ላይ ነጣ ያለ፣ ፀጉር የሌለው፣ ላብ የማያወጣ ቦታ አየሁ። ትንሿ ጣታቸው መታጠፍ ጀምራለች። ክር ከእጃቸው ይወድቅና ዞር ብለው ካላዩት መውደቁን አያውቁም። «ብርድ ነው» አሉኝ። ብርድ እንዲህ አያደርግም።

አንድ ቀን ሻሻቸውን ሲያስሩ በእስክሪብቶ ጫፍ ነጣ ያለውን ቦታ ነካሁት። ምንም። ጫን አደረግኩት። ምንም። የልብስ መርፌ አነሳሁ። ወጋሁ። ደም ወጣ። እሳቸው ስለ ሰም መወደድ ያወራሉ። 

መጀመሪያ የሄድንበት ጤና ጣቢያ ጭርት ነው ተብሎ ቅባት ተሰጠን። ቅባቱን ጨረስን። ቦታው እንዳለ ነው። ሆስፒታል እንሂድ ስላቸው አሻፈረኝ አሉ። «ለልጅዎ እደውላለሁ» አልኳቸው።

«ከማን ጋር ሆነሽ ነው እንዲህ የምትከታተይኝ?»

«ከማንም።»

«ከማንም ጋር ያልሆነ ሰው እንዲህ አይለፋም» አሉ። ግን ነጠላቸውን አነሱ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ይመስላል። እትዬ ደብሬን አስቀመጣቸውና «ዓይንዎን ይጨፍኑ፤ የነካሁዎትን ቦታ በጣትዎ ያሳዩኝ» አላቸው። በእጁ የያዘው ጥጥ ነው። ትከሻቸውን ሲነካ አሳዩት። አንገታቸውን ሲነካ አሳዩት። ክንዳቸው ላይ ያለውን ነጭ ቦታ ነካ። ጠበቁ። መዳፋቸውን ነካ። ጠበቁ። «መቼ ነው የምትጀምረው?» አሉት።

ክርናቸውን በጣቱ ዳሰሰና «ነይ ንኪው» አለኝ። ነርቩ አብጦ እንደ ገመድ ሆኗል። ከጆሮ ጫፋቸው ትንሽ ፍቆ ወደ ላቦራቶሪ ላከ። ውጤቱ መጣ።

«የሥጋ ደዌ በሽታ ነው» አለ።

እትዬ ደብሬ እጆቻቸውን ነጠላቸው ውስጥ አስገቡ።

ሐኪሙ ቀጠለ፤ «ይድናል። መድኃኒቱ በነፃ ነው፤ ለእርስዎ አንድ ዓመት ነው የሚወስደው። እንደጀመሩ ለሌላ ሰው ማስተላለፍዎ ይቆማል። የሞተ ነርቭ ግን ላይመለስ ይችላል። ጣት የሚያጠፋው ደግሞ በሽታው ብቻ አይደለም፤ የማይሰማ እጅ እየተቃጠለ፣ እየቆሰለ ነው የሚያልቀው። የጋለ ነገር በእጅዎ አይንኩ።»

ተጠራጠርኩት። በጣም ቀላል አድርጎ ነገረን። «ስንት ሰው ሲድን አይተዋል? ወይስ ለማጽናናት ነው?» አልኩት።

«ጋዜጠኛ ነሽ?»

«ጎረቤት ነኝ።»

«እንግዲያው ጎረቤት፣ ነይ አንቺንም ልይሽ።» ቆዳዬን አየ፣ ክርኔን ዳሰሰ። ደህና ነበርኩ። ያን ዕለት ያፈርኩት እዚያ ላይ ብቻ ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ እትዬ ደብሬ ከፊቴ ፈጠን ብለው ሄዱ። ግቢው በር ላይ ቆሙ። «ይሄን ሰው ከሰማ ያወራሽው አንቺ ነሽ» አሉኝ። ገብተው በሩን ዘጉ።

መድኃኒቱ በካርድ የታሸገ ነው። በወር አንዴ ጤና ባለሙያዋ ፊት የሚዋጥ አለ፤ የቀረው በየቀኑ ቤት ነው። ሪፋምፒሲን የሚባለው ሽንትን ያቀላል። ይህን አስቀድሞ የነገረን ሰው ስላልነበረ ደም ነው ብለን ተሸበርን። ክሎፋዚሚን የሚባለው ደግሞ ቆዳ ያጠቁራል። ሲጠቁር ሰው ያያል። የቤት አከራያችን ወይዘሮ አልጋነሽ አዩ።

«ደብሬ፣ ምነው እንዲህ ጠቆርሽ? ይቺ ልጅ ምን እያበላችሽ ነው?»

«ፀሐይ ነው።»

«ፀሐይማ እኛንም ያገኘናል።»

ከዚያ በኋላ ወይዘሮ አልጋነሽ ውሃ ለመቅዳት ሲመጡ ዓይናቸው በእትዬ ደብሬ በር ውስጥ ነው። እኔም የእሳቸውን ዓይን እከተላለሁ። የመድኃኒቱን ባዶ ካርድ እንኳ ግቢው ውስጥ አንጥልም ነበር፤ እኔ በቦርሳዬ ይዤ ወጥቼ ነው የምጥለው።

ከጥቂት ወራት በኋላ በጣም ከፋ። እጃቸው አበጠ። ነጩ ቦታ ቀላ። ክርናቸውን ሊያስነኩ አልቻሉም። ማታ ማታ ያቃስታሉ። ዐይናቸው ደም ለበሰ። መድኃኒቱን ተዉት። እኔ አላወቅኩም። ካርዱ ውስጥ እንክብሎቹ እንዳሉ አገኘሁ።

«ለምን ተዉት?»

«ደህና ነበርኩ። አንቺና ዶክተርሽ ናችሁ እንዲህ ያደረጋችሁኝ። ሳትወስጂኝ በፊት አሞኝ ያውቃል? ተናገሪ፣ አሞኝ ያውቃል?»

አሟቸው አያውቅም። እውነታቸውን ነው። አለቀስኩ። ካለቀስኩ በኋላ ተናደድኩ። ከተናደድኩ በኋላ ባጃጅ ጠርቼ ይዣቸው ሄድኩ። ሲሰድቡኝ ነው የደረስነው።

ሐኪሙ ሪአክሽን እንደሚባል ነገረን። መድኃኒቱ መርዝ ስለሆነ አይደለም፤ ሰውነት በተህዋሲው ላይ ሲነሳ ነርቩ አብሮ ይቆጣል። በዚያ ሰዓት መድኃኒት መተው ነው እጅን የሚያሳጣው። ፕሬድኒሶሎን የሚባል የነርቩን እብጠት የሚያበርድ መድኃኒት ጀመረላቸው፤ መጠኑን እየቀነሰ ለብዙ ሳምንታት አስወሰዳቸው። «ዛሬ ባትመጡ ጣቶቹ ታጥፈው ይቀሩ ነበር» አለ። እትዬ ደብሬ ወደ እኔ አላዩም። ግን ከዚያ ወዲህ እንክብሉን ሲውጡ አፋቸውን ከፍተው ያሳዩኝ ጀመር፤ ለማሾፍ ይሁን ለሌላ እስካሁን አልገባኝም።

ከሕመሙ ባልተናነሰ ያስጨነቀን የሥራው ነገር ነው። የእትዬ ደብሬ ኑሮ በእጃቸው ነው፤ እጃቸው ደግሞ የጋለ ነገር እንዳይነካ ተከልክሏል። ጊዜውም ክፉ ነበር። ቀድሞ ሰም የሚያገኙት ከጠጅ ቤቶች ነው፤ ማሩ ከተጠመቀ በኋላ የሚጣለውን ሰፈፍ ወስደው ያነጥሩታል። እንግዳ ሲጠፋ ጠጅ ቤቶቹ ማር መግዛት ቀነሱ፤ ሰፈፉም አብሮ ቀረ። ከሩቅ የሚመጣው ተሳላሚም መንገዱን ፈርቶ ቀረ። ረጅሙንና ብዙውን ጧፍ በእቅፍ የሚገዛው እሱ ነበር።

«ሰም ካልነካሁ ምን ልብላ?» አሉኝ። «ልጄ ቤት ልግባና አማቼ እጄን እያየ ያብላኝ?»

ጋሽ ሞላ ለእንግዳ የሚሸጥ የእንጨት መስቀል የሚቀርጽ ጎረቤታችን ነው፤ እሱም ሥራ ፈትቶ ነበር። ሄጄ የምፈልገውን ነገርኩት፤ ረጅም እጀታ ያለው፣ ክሮች በመስመር የሚንጠለጠሉበት የእንጨት ርብራብ። ክሮቹ አንድ ላይ ሰሙ ውስጥ ይገባሉ፣ አንድ ላይ ይወጣሉ፤ እጅ ከሰሙ በክንድ ርቀት ይቆያል። ድስቱንም ጠባብና ጥልቅ በሆነ ጣሳ ቀየርነው፤ ትንሽ ሰም ይበቃዋል። እትዬ ደብሬ ርብራቡን ሲያዩ ፊታቸውን አዞሩ።

«ጧፍ ይታሻል እንጂ እንደ ቋንጣ ይሰቀላል እንዴ? ማን ነው ያስተማረሽ?»

«ማንም አላስተማረኝም።»

«ያስታውቃል።»

እውነትም መጀመሪያ አልሆነም። ክሩ ተጠማዘዘ፤ ሰሙ በአንድ ወገን ተንጠባጠበ። እሳቸው ከበር ላይ ሆነው እየሳቁ ያዩኛል። በኋላ ሳቁን ተዉና «ጫፉ ላይ ጠጠር እሰሪበት፣ ደነዝ» አሉ። አሰርኩ። ክሩ ቀጥ አለ። ከበሩ ተነሥተው መጡ፤ እጀታውን ተቀበሉኝ። ቀዝቀዝ ሲል በመዳፍ ሳይሆን በለሰለሰ እንጨት ሳንቃ ላይ እያንከባለሉ አስተካከሉት። ቀድሞ ከሚሠሩት ትንሽ ይወፍራል፤ ግን ጧፍ ነው።

ሁለተኛው ጠባችን ቁመቱ ነው። የከተማው ሰው ረጅሙን አይገዛም፤ ቤቱ ለጸሎት የሚያበራት አጭር ብትኖር ግን ይገዛል አልኳቸው። «መብራት በጠፋ ቁጥር ጧፌን ይዞ ከአልጋ ሥር ጫማ ሊፈልግበት ነው» አሉ። «ይፈልግበት፤ ደግሞ ይገዛል» አልኩ። ሁለት ቀን ዘጉኝ። ከዚያ አሳጥረው ቆረጡ። ወደ ቅዳሜ ገበያ ይዤ የምሄደው እኔ ነበርኩ፤ ስመለስ «ማን ገዛሽ? ምን አለሽ? የማን ነው ብለሽ ሸጥሽ?» ብለው ይመረምሩኛል። የእርስዎ ነው ብዬ ነው የሸጥኩት። ማመናቸውን እንጃ።

ጧፉ መሸጥ እንደጀመረ የበሽታው ወሬ ወጣ። ማን እንዳወጣው አላውቅም። ወይዘሮ አልጋነሽን እጠረጥራለሁ። ጤና ጣቢያው ወረፋ ላይ አብረውን የነበሩትን እጠረጥራለሁ። እትዬ ደብሬ እኔን ጠረጠሩ። ገበያው ላይ ሴቶች ከጧፉ አጠገብ ሲደርሱ ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ። አንዷ ያነሳችውን መልሳ አስቀመጠች፤ እጇንም ጠረገች። ወይዘሮ አልጋነሽ ክፍሉን ለዘመድ እንደሚፈልጉት ተናገሩ። ሥራው ከቆመ ኪራይ የለም። ኪራይ ከሌለ ደሴ ነው። እትዬ ደብሬ ዕቃቸውን ማየት ጀመሩ፤ የሚወሰደውንና የሚቀረውን።

በዚያ ሳምንት የንስሐ አባታቸው አባ ወልዱ ከነአኩቶ ለአብ ዋሻ ቤተ ክርስቲያን በእግራቸው መጡ። እኔ መምጣታቸውን በመልካም አላየሁትም። ከቤተ ክርስቲያን እንዳትደርሺ ሊሏቸው ነው ብዬ በሩ ላይ ቆምኩ።

«ደብሬ፣ ጧፍ አልቆብናል» አሉ ገና ሳይቀመጡ።

«አባ፣ ስለኔ የሰሙት የለም?»

«ሰምቻለሁ።»

እኔ ገባሁበት፤ «አባ፣ መድኃኒት ከጀመሩ ወዲህ ወደ ሰው አይተላለፍም። ሐኪሙ ነው ያለው። ካላመኑ ሄደው...»

«ልጄ፣ ጧፍ ልገዛ ነው የመጣሁት። ስብከቱን ለኔ ተዪው።»

እትዬ ደብሬ ጧፉን አልጋው ላይ አስቀምጠው ራቅ አሉ፣ እሳቸው ያንሱት ብለው። አባ ወልዱ አላነሡም። እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። እትዬ ደብሬ ተመልሰው መጥተው በእጃቸው ሰጧቸው።

አባ ወልዱ ጧፉን ወደ ብርሃኑ አድርገው አዩት። «ወፍሯል። ምን ሆኖ ነው?»

«ይቺ ናት፣ እንደ ቋንጣ እያሰቀለችኝ።»

እሺ፣ ገዙ። ገዝተው የሚጥሉትስ ቢሆን? በማግሥቱ ጠዋት ነአኩቶ ለአብ ድረስ ወረድኩ። ሴቶች በሚቆሙበት ቆሜ አየሁ። አንድ ዲያቆን በጧፍ ብርሃን ያነብባል። ከሌላ ሰው የተገዛ እንዳይሆን ብዬ ጠጋ አልኩ። ወፍራም ነው፤ ጫፉም ላይ ጠጠሩ የታሰረበት ጠባሳ አለ። የእሳቸው ነው። ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበው ውሃ ትከሻዬ ላይ እስኪወርድ ቆምኩ።

ከዚያ ወዲህ ሁሉ ሰው ተመለሰ ብላችሁ አታስቡ። አባ ወልዱ ገዙ ሲባል የተመለሱ አሉ፤ እስከ ዛሬ መንገድ የሚቀይሩም አሉ። ወይዘሮ አልጋነሽ ክፍሉን መልሰው አልጠየቁም፤ ጧፍ ሲገዙ ግን በጨርቅ ይዘው ነው። ይያዙ። እትዬ ደብሬ መድኃኒታቸውን ጨርሰዋል። ቆዳቸው ቀስ እያለ ወደ መልኩ እየተመለሰ ነው፤ ትንሿ ጣት እንደታጠፈች ቀርታለች፤ መዳፋቸው አሁንም ትኩስና ቀዝቃዛ አይለይም፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ አንድም ቃጠሎ አላገኘሁባቸውም፣ ምክንያቱም የጣሳውን ጆሮ በወፍራም ጨርቅ ጠቅልለናል፣ ርብራቡን በእጀታው ብቻ ነው የሚይዙት፣ ማታ ደግሞ ሥራ ሲያበቃ እጃቸውን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው፣ ቫዝሊን ቀብተው፣ ጣት በጣት እየገለጡ በዓይናቸው ይመረምሩታል።

እናንተም እንዲህ አድርጉ። የማይሰማችሁ ነጭ ወይም ቀላ ያለ ቦታ ካያችሁ፣ ባያምም፣ በተለይ ባያምም፣ ሂዱ። ቅባት ተሰጥቷችሁ ካልጠፋ ተመልሳችሁ ሂዱ። የማይቃጠል እጅ ስታዩ አታድንቁ። ጸበሉን ተዉ አልልም፤ እኛም አልተውንም፤ መድኃኒቱን በኪሳችን ይዘን ነበር የምንሄደው። እጅ ካበጠ፣ ዓይን ከቀላ፣ መድኃኒቱን ሳታቆሙ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ድረሱ። ቤተሰብን አስመርምሩ። አስታማሚ ሆይ፣ በሽተኛው አንቺን ቢጠረጥር አትቀየሚ፤ ሰውነቱ ራሱ የከዳው ሰው ማንን ይመን? ተቀየሚ፣ ግን አትሂጂ።

ላልዋሸኝ ሐኪም፣ በየወሩ እንክብሉን ቆማ ላስዋጠቻቸው ጤና ባለሙያ፣ ርብራቡን ሠርቶ ጧፍ ብቻ ለተቀበለው ለጋሽ ሞላ፣ እጃቸውን ዘርግተው ለቆሙት ለአባ ወልዱ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ባለፈው ኩልመስክ ከተማ አንድ መድኃኒት ቤት ሥራ አገኘሁ። በሄድኩበት ጠዋት እትዬ ደብሬ በሩ ላይ ርብራቡ ላይ ክር እያሰሩ ነበር። ቦርሳዬን አዩና ሥራቸውን አቆሙ።

«ኩልመስክ ጧፍ ሠሪ አለ?»

«አላውቅም።»

«የኔን አሠራር እዚያ ልትጀምሪ እንዳይሆን።»

«እትዬ፣ መድኃኒት ቤት ነው የምገባው።»

«ቦርሳውን አምጪው።» ወስደው እጃቸውን አስገቡና ወዲያው አወጡት። «በዚህ እጅ አይታወቅም። አንቺው እያወጣሽ አሳዪኝ።»

ልብሴን አንድ በአንድ እያወጣሁ መደቡ ላይ ዘረጋሁ። ጎንበስ ብለው በዓይናቸው አዩ፤ የሹራቤን እጅጌ ሳይቀር አስገለበጡኝ። ርብራብ የለም፣ ክር የለም፣ ሰም የለም።

«በይ ሰብስቢ፤ መኪናው ይሄድብሻል» አሉ።

ልብሴን መልሼ ከተትኩ፣ ዚፑን ዘጋሁ፣ ሄድኩ።